የብዙዎች ክስና የደብዳቤው ወጪ



በአሜሪካ አገር አንድ ሰው፥ ጥቂት አክሲዮን ስንገዛና ስንሸጥ ደላሎች ከተገቢው በላይ አስከፈሉን ሲል ለራሱና እንደርሱ ለተበደሉት ሁሉ ከሰሰ። የራሱ ድርሻ 70 ዶላር ያህል ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ1974 እ.ኤ.አ. አድራሻቸው በቀላሉ ለሚገኘው 2,250,000 ሰዎች ለያንዳንዳቸው ደብዳቤ ይላክ፥ ወጪውንም ከሳሹ ይቻል ሲል ፈረደ። አልችልም ስላለ የጋራው ክስ ተዘጋ።

ሰው ባልሰማው ክርክር እንዳይታሰር መጠንቀቁን አልነቅፍም። ግን 70 ዶላር ለማስመለስ 225,000 ዶላር ያህል ለፖስታ የሚያወጣ ማን ነው? ለየብቻ ደግሞ ማንም አይከስም፤ ደላላውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የኛ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38 ከዚህም ይከብዳል፤ የጋራ ጥቅም ያላቸው ሁሉ ለመወከል መስማማታቸውን ፍርድ ቤቱ መረዳት አለበት። በየገበያው የተበተነውን ገዢ ማን ዞሮ ያስማማዋል?