የሽጉጥ አፎት ገበር

የዛሬው የእጅ ሥራ ትምህርታችን፣ የሽጉጥ አፎት ስትሰፉ ውስጡን በምን ዓይነት ቆዳ እንደምትገብሩት ነው። ገበር ከውጭ አይታይም እየተባለ ያገኙትን ቁራጭ መለጠፍ የተለመደ ነው። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ቆዳው በምን እንደለፋ እወቁ። በክሮም የለፋ ቆዳ ልስላሴው ያታልላል፤ ነገር ግን ውስጡ የሚቀረው ጨው እርጥበት ሲያገኝ ብረቱን ሊያዝገው ይችላል። በዛፍ ቅርፊት የለፋው ይሻላል። በምን እንለየው ትሉ ይሆናል። ትንሽ ቁራጭ የፈላ ውሃ ውስጥ ጣሉ። በቅርፊት የለፋው ወዲያው ይኮማተራል፤ የክሮሙ ብዙም አይለወጥ።

ውፍረቱ ወደ 1 ሚሊሜትር ይሁን። የፍየል ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ ይስማማል። ለስላሳው ፊት ወደ ሽጉጡ ይዙር፤ ሻካራው ወገን አሸዋ ይዞ ብረቱን ይፍቀዋል። ሁለቱን ቆዳዎች በማስቲሽ ስታጣብቁ ታዲያ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ አይሁን። አፎቱ እንደሚታጠፈው አጥፋችሁ አጣብቁ፤ አለዚያ ገበሩ ይሸበሸባል።

ይህቺን አደራ! የተሸበሸበ ወይም የላላ ገበር ሽጉጡ ሲገባ ቃታው ውስጥ ሊሰነቀር ይችላል። ባለቤቱ ሲገፋው ጥይቱ በገዛ ጭኑ ያልፋል። ስለዚህ ሰፍታችሁ ስትጨርሱ፣ ሽጉጥ ሳይገባበት፣ ጣታችሁን ሰዳችሁ ዳብሱት። የላላ ካገኛችሁ ስፌቱን ፍቱ። ያበሳጫል፣ አውቃለሁ።

ደግሞ ሽጉጡን በአፎቱ አኑራችሁ አትክረሙ፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ለዛሬ በዚሁ ይብቃን።