አቤቱታው መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ ሕዝብ ለሕግ አውጪ ምክር ቤት የሚያቀርበው አቤቱታ እንዴት እንደሚታይ ነው። አቤት የማለት መብት በብዙ አገሮች ሕገ መንግሥት ተጽፎ ስለሚገኝ በመኖሩ ላይ ብዙ መከራከር አያሻም። የሚያከራክረው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው። ማመልከቻው መዝገብ ቤት ከገባ በኋላ ማን ያነበዋል? ማንስ ይመረምረዋል? አመልካቹስ ምን መልስ ያገኛል?

አቤት ማለት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። ቃሉ ራሱ እንደሚያመለክተው አቤቱታ «አቤት!» ብሎ የሚጮኽ የተበደለ ሰው ድምፅ ነው። ይህ ልማድ ወደ ጽሑፍ ሕግ ሲገባ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 ለመንግሥት፣ የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 63 ለንጉሠ ነገሥቱ አቤቱታ የማቅረብን መብት ደነገጉ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 30 ከመሰብሰብና ከሰላማዊ ሰልፍ ነፃነት ጋር አያይዞ አጸናው። ሦስቱም አንቀጾች ስለ አቤት ባዩ ይናገራሉ። አቤት የተባለው ወገን መልስ የመስጠት ግዴታ እንዳለበት ግን አንዳቸውም አይገልጹም።

ይህ ክፍተት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የአሜሪካ ታሪክ ያስረዳል። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ሕዝቡ ለመንግሥት አቤቱታ የማቅረብ መብቱ በሕግ እንዳይነካ ይከላከላል። ይሁን እንጂ በ1836 እ.ኤ.አ. የተወካዮች ምክር ቤት ባርነትን የሚመለከት ማናቸውም አቤቱታ ሳይታተምና ለኮሚቴ ሳይመራ እንዲታለፍ ወሰነ። በ1840 ደግሞ እንዲህ ያለው አቤቱታ ጨርሶ ተቀባይነት እንዳያገኝ የሚያዝ ደንብ አወጣ። ሕዝቡ አቤት እንዳይል አልተከለከለም፤ እንደራሴዎቹ ግን ላለመስማት ወሰኑ። ቀድሞ ፕሬዚዳንት የነበሩትና በኋላ የምክር ቤቱ አባል የሆኑት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደንቡን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1837 ከ22 ባሮች እንደተላከ የተነገረለትን አቤቱታ ማቅረብ ይቻል እንደሆነ ሲጠይቁ፣ ምክር ቤቱ ባሮች አቤት የማለት መብት የላቸውም ሲል ወሰነ። እርሳቸው ግን የሚላኩላቸውን ማመልከቻዎች ማቅረባቸውን አላቋረጡም። ደንቡም በ1844 በ108 ድምፅ ለ80 ተሻረ።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ጥያቄው በፊርማ ብዛት ተፈትኗል። ቻርቲስት የተባለው የሠራተኞች እንቅስቃሴ ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ የመምረጥ መብት እንዲያገኝ ጠይቆ በ1842 እ.ኤ.አ. ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ አቀረበ። አመልካቾቹ በምክር ቤቱ ፊት ቀርበው እንዲያስረዱ የቀረበው ሐሳብ ግን በ287 ድምፅ ለ49 ወደቀ። ዛሬ በዚያው ምክር ቤት 10,000 ፊርማ ያገኘ የኢንተርኔት አቤቱታ ከመንግሥት የጽሑፍ መልስ ያገኛል፤ 100,000 ያገኘ ደግሞ ለክርክር እንዲቀርብ ይታሰብለታል። በ2019 አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት እንዳትወጣ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፈርመው ሲጠይቁ መንግሥት ጥያቄውን አልተቀበለም። ሆኖም ምክንያቱን በጽሑፍ ገለጸ፤ እንደራሴዎቹም ተከራከሩበት።

የቁጥር መስፈሪያ ለብዙኃኑ ይጠቅማል። ነገር ግን በአንድ ሕግ ጉድለት ምክንያት የባሏን ጡረታ የተነፈገች ሴት 10,000 ፈራሚ ከየት ታመጣለች?

ለዚህ የጀርመን ሥርዐት የሰጠው መፍትሔ ሊጠና የሚገባው ይመስለኛል። የጀርመን መሠረታዊ ሕግ በአንቀጽ 17 ማንም ሰው ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር ሆኖ ለሕግ አውጪው በጽሑፍ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። በ1975 እ.ኤ.አ. የተጨመረው አንቀጽ 45ሐ ደግሞ አቤቱታዎችን የሚመረምር ኮሚቴ እንዲሰየም ያዛል። የአንድ ሰው ማመልከቻ እንደ ብዙኃኑ ማመልከቻ ይመረመራል። የሚመለከተው ሚኒስቴር አስተያየቱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ይጠየቃል። ከመንግሥት ወገንና ከተቃዋሚው ወገን የተመረጡ አባላት ጉዳዩን አጥንተው ሐሳብ ያቀርባሉ። ምክር ቤቱ ከወሰነ በኋላም ውሳኔው ከነምክንያቱ ለአመልካቹ ይደርሰዋል። ከ2024 ጀምሮ በ6 ሳምንት ውስጥ የሚሰበሰብ 30,000 ፊርማ ለአቤቱታው በአደባባይ የመሰማትን ዕድል ይከፍታል፤ ለመመርመር ግን አንድ ፊርማ ይበቃል። ኮሚቴው የፍርድ ቤትን ውሳኔ አይሽርም፤ መንግሥትንም በምክር እንጂ በትእዛዝ አይመራም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የተቋቋመው የአስተዳደር በደልን እንዲመረምር ነው። የአስተዳደር በደልና የሕግ ጉድለት ግን የተለያዩ ናቸው። ሹሙ ሕጉን እንደተጻፈ ፈጽሞ ሳለ ሰው ከተጎዳ፣ ጉድለቱ የሕጉ ስለሆነ ማረም የሚገባው ሕግ አውጪው ነው።

በዚህ ረገድ የእኛም ድርሻ አለ። ለምክር ቤት የሚጻፍ ማመልከቻ የይግባኝ ቅጂ ሊሆን አይገባውም። የትኛው አንቀጽ ጉዳት እንዳደረሰ፣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ፣ ምን እንዲለወጥ እንደሚፈለግ በአጭሩ ማሳየት አለበት። ጉዳዩን በውል ሳይለይ የተጻፈ ማመልከቻ ቅን የሆነውን እንደራሴ እንኳ ያደክማል። ከምክር ቤቶችም ልንጠይቅ የሚገባን ሦስት ነገር ነው፤ ማመልከቻው በቁጥር እንዲመዘገብ፣ የሚመረመርበት ጊዜ እንዲወሰን፣ መልሱም ከነምክንያቱ እንዲሰጥ።

አመልካቹ የጠየቀውን ሁሉ ያገኛል ማለት አይቻልም። ይሁንና «አይሆንም» የሚለው መልስ ምክንያቱ ተገልጾ ሲሰጥ፣ ሰውየው ቢያዝንም መንግሥቱ እንደሰማው ያውቃል። መልስ ያጣ ሰው ግን የተፈረደበትን እንኳ ስለማያውቅ፣ ወይ ተስፋ ይቆርጣል፤ ወይ ከሕግ ውጭ ያለውን መንገድ ይፈልጋል። ከሁለቱም የሚጠብቀው በጊዜው የሚሰጥ መልስ ነው።