ከጅጅጋ ወደ ባሕር፤ የደሴት ዕረፍት በየትኛው ወር?

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የአንድ ድልድይ መሠረት ከመቆሙ በፊት የሃምሳ ዓመት ጎርፍ ይጠናል፣ አፈሩ ይመረመራል፣ ሲሚንቶው በኪሎ ይሰላል። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ የሚፈጽመው ባለሙያ ግን ዓመቱን ሙሉ ሲናፍቀው የኖረውን ዕረፍት ብዙውን ጊዜ ሻንጣውን በሚያነሣበት ሳምንት ያቅደዋል። ከዚያም ደክሞት ሄዶ ይበልጥ ደክሞት ይመለሳል። ስለዚህ የዛሬው ርእስ ለጨዋታ የቀረበ ቢመስልም ጉዳዩ የስሌት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በጅጅጋና በሰሜኑ የሶማሌ ክልል ከተሞች የሚሠራ ሰው ቤተሰቡን ይዞ በአንድ የሐሩር ደሴት ላይ ጥቂት ቀን ለማረፍ ቢያስብ፣ መቼ፣ ወዴትና ምን ይዞ ይሂድ የሚለው ነው።

ባሕሩ ሩቅ አይደለም። ከጅጅጋ እስከ ዘይላም ሆነ እስከ ጅቡቲ በካርታ ላይ በቀጥታ ቢለካ ከ260 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ አዲስ አበባ ግን በዚያው መለኪያ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ለጅጅጋ ነዋሪ ከርእሰ ከተማው ይልቅ የዓሣው ወደብ ይቀርበዋል ማለት ነው። ይህን ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ችግሩ ከርቀቱ ይልቅ ወሩ ላይ ነው። በአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት በመሆኑ፣ የልጆች አባትና እናት የሆነ ሠራተኛ ሁሉ የዓመት ፈቃዱን ለሐምሌና ለነሐሴ ያስቀምጣል። ልማዱ ዝናብ ከሚበዛበት ከደጋው የመጣ ነው። ለባሕሩ ዳርቻ ግን ይህ ወቅት የዓመቱ ክፉ ጊዜ ነው። በጅቡቲና በበርበራ ከሰኔ እስከ ነሐሴ የቀትር ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ከበረሃው የሚነሣው ደረቅ ነፋስም አቧራ ተሸክሞ ይመጣል።

ምክንያቱ ለዚህ ጉባኤ አዲስ አይሆንም። ጅጅጋ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በ6.5 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምር፣ ወደ ባሕር የሚወርድ ቤተሰብ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን እንኳ 10 ዲግሪ ያህል ይጨመርበታል። አየሩ ከሰው ቆዳ ሙቀት ሲበልጥ ደግሞ ነፋስ ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል። ያን ጊዜ ለሰውነት የሚቀረው መከላከያ ላብ ብቻ ነው፤ እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳር ላቡም ሳይደርቅ በገላ ላይ ይወርዳል። ሕፃናትና ሽማግሌዎች የሚጎዱት በዚህ ሰዓት ነው። ውሃው ራሱ በክረምት 30 ዲግሪ ያህል ስለሚሞቅ የሚዋኘውን አያቀዘቅዘውም።

የቀድሞዎቹ ይህን ያውቁ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን የበርበራ ታላቅ ገበያ ይቆም የነበረው ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ነበር፤ ከሐረርና ከኦጋዴን የሚወርዱት ሲራራ ነጋዴዎች ቡናቸውን፣ ከብታቸውንና ቅቤያቸውን ሸጠው ሙቀቱ ሳይበረታ ይመለሱ ነበር፤ ከተማዋም በበጋቸው ሐሩር ጊዜ ባዶ ለመሆን ጥቂት ይቀራት ነበር። እንግሊዞች የሶማሌላንድን ጥበቃ ግዛት ከበርበራ ሲያስተዳድሩ በሙቀቱ ወራት ወደ ተራራማው ወደ ሼክ ይወጡ ነበር። በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በምፅዋ የባሕር ኃይል በዓል የሚከበረውም በጥር ወር ገደማ ነበር። ግመል ነጂውም ንጉሠ ነገሥቱም አንድ የቀን መቁጠሪያ ይከተሉ ነበር ማለት ነው፤ ከዚያ የወጣው የዛሬው የፈቃድ ጠያቂ ነው።

እንግዲህ ወዴት? ቀደም ሲል የኢትዮጵያውያን ደሴት ምፅዋ ነበረች። ከተማዋ ራሷ በደሴት ላይ የተሠራች ስትሆን፣ ከፊቷም የዳህላክ ደሴቶች አሉ። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ መንግሥት ከሆነች በኋላ ግን ይህ መንገድ የውጭ አገር ጉዞ ሆነ፤ ለጅጅጋ ሰውማ በፊትም ሩቅ ነበር። በዘይላ ፊት ለፊት የሳዓደዲን ደሴት ይገኛል። ስሙ በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በዚያው አካባቢ ከወደቁት ከይፋቱ ሱልጣን ከሳዓደዲን የመጣ ነው። ታሪክ ለሚወድ ሰው ስሙ ብቻ ይበቃዋል፤ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ግን ማደሪያ የሌለበት ደሴት ስለሆነ አይመከርም።

የሚቀረው በታጁራ ባሕረ ሰላጤ አፍ ያሉት ሙሻና ማስካሊ ናቸው። ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ ዝቅተኛ ደሴቶች ሲሆኑ፣ ከጅቡቲ ወደብ በጀልባ ይደረሳሉ። በሙሻ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚባለው በጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ይታያል፤ ጥልቀት በሌለው ጥሩ ውሃ ውስጥም በዋና መነጽር የኮራሉን ዓሦች ማየት ይቻላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የተባለው፣ አካሉ ግዙፍ ጠባዩ ግን ገር የሆነው ዓሣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ይገባል። የወሩ ነገር እዚህም ላይ ይመለሳል፤ በክረምት የሄደ ይህን አያገኝም።

መንገዱ ካራማራን ተሻግሮ፣ በባቢሌና በሐረር አድርጎ ወደ ድሬ ዳዋ ይወርዳል። ምድር ባቡር ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ መሥመር ደግሞ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። ባቡሩ አዲጋላን፣ አይሻንና ደወሌን አልፎ ጅቡቲ አጠገብ ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል። የመንገደኛው ባቡር የሚነሣበትን ቀንና የቪዛውን ጉዳይ አስቀድሞ መጨረስ ያስፈልጋል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ የጅቡቲ ፍራንክ ግን ከዶላር ጋር በቋሚ ዋጋ የተሳሰረ ስለሆነ፣ የወጪው ሂሳብ በፍራንክ ተሠርቶ ወደ ብር ቢመለስ ይሻላል።

ስለ ውሃ ግን በዝርዝር መናገር ይገባል። ሙሻ ላይ ወንዝ የለም፣ ምንጭም የለም፤ የሚጠጣው ሁሉ ተጭኖ ይመጣል። ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ገላ ላይ የደረቀውን ጨው ለመለቅለቅ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ቢታሰብ፣ አምስት ሰው ያለበት ቤተሰብ ለሁለት ቀን 150 ሊትር ያስፈልገዋል። ይህም ስምንት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ያህል ነው። ከጀልባው ባለቤት ጋር ዋጋ ሲነጋገሩ ጭነቱን መግለጽ የሚረሳ ሰው፣ ውሃውን ወደብ ላይ ትቶ ለመሄድ ይገደዳል።

ይህ ውሃ ከየት እንደመጣ ቢጠየቅ፣ መልሱ የሰሜኑን ከተሞች ተወላጅ ሳይነካው አያልፍም። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢትዮጵያና የጅቡቲ የውሃ መሥመር በሲቲ ዞን በአዲጋላ አካባቢ ከተቆፈሩት ጉድጓዶች ተነሥቶ በአሊ ሳቢህ በኩል ወደ ጅቡቲ ከተማ ይወርዳል፤ የታቀደለትም በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያደርስ ነው። ጉድጓዶቹ ያሉበት ዞን አርብቶ አደሮች በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ከብቶቻቸው ያለቁባቸው ናቸው። ጎረቤትን ማጠጣት የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ሆኖም የዚህ ማኅበር አባል ጅቡቲ ላይ ቧንቧ ሲከፍት፣ ባቡሩ ያለፈባቸውን መንደሮች የውሃ ሽፋን ቢያስብ ዕረፍቱን አበላሸ አይባልም።

በቀኑ ውስጥ ያለውም ጊዜ ይለካል። የብሱ ከባሕሩ ቀድሞ ስለሚሞቅ ከቀትር በኋላ ነፋስ ይነሣል፣ ማዕበልም ይከተላል። ስለዚህ በጧት መሻገር፣ ሲመለሱም በጧት መነሣት ይመረጣል። ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለሕፃን ጭምር፣ የመንሳፈፊያ ሰደርያ መኖሩን አይቶ ካልሆነ በቀር ጀልባ ላይ አለመውጣት ነው። ኮራሉ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ የጎማ ጫማ ያስፈልጋል። ከዚህ የቀረው ሰዓት ምንም ሳይሠሩ የሚያሳልፉት ነው፤ ለመሐንዲስ የሚከብደውም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ወሩን ለመምረጥ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። የትምህርት ቤት የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በጥር መጨረሻና በየካቲት መጀመሪያ ገደማ ይውላል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ በሚመጡት ጥቂት ዓመታት ከየካቲት ወደ ጥር፣ ከዚያም ወደ ታኅሣሥ ይገባል፤ ጾም በሚጾምበት አገር በቀን ምግብ ቤት ፈልጎ መንገላታትም፣ ጾመኛ ሆኖ በፀሐይ መዋልም ለዕረፍት አይመችም። ስለዚህ የዓመቱ ረመዳን የሚገባበት ቀን ታይቶ ከኅዳር እስከ ጥር ካለው ጊዜ አንዱ ሳምንት ይመረጣል።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል፤ ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማም ፈቃዱ ለሁለት ሊከፈል ይችላል። ስምንቱ ቀን ለክረምት፣ ለልጆችና ለዘመድ ጥየቃ ይቀመጥ፤ ስምንቱ ለባሕር ይበቃል። ሁለት ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፣ ሁለት ቀን ለደሴቱ፣ የቀሩት ሁለቱም ባቡር ቢዘገይ ወይም ነፋስ ቢነሣ ለመጠባበቂያ ይያዙ። ማመልከቻው ለመሥሪያ ቤቱ የሚገባው በመስከረም፣ የሌሎቹ ሠራተኞች የፈቃድ ሰሌዳ ሳይወጣ ነው።