ሥራ ሳይለቁ ሌላ ሥራ ስለ መፈለግ



ዛሬ የምነግራችሁ ነገር በየመሥሪያ ቤቱ በሹክሹክታ የሚወራ እንጂ በአደባባይ ሲነገር የማይሰማ ነው። ይኸውም አንድ ሠራተኛ በያዘው ሥራ ላይ እያለ ለሌላ ሥራ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራ፣ የዓመት ፈቃዱ ያለቀበት እንደ ሆነ ቀኑን ከየት ያመጣዋል? የሚለው ጥያቄ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በይፋግ የሚሠራ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ እናስብ። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በበጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች፤ ዛሬም ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐሙሲትና በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ያልፍባታል። ይህ ሰው ደመወዙ የሚሻል ክፍት የሥራ ቦታ በባሕር ዳር መውጣቱን ሰማ እንበል። አንድ ቀን ለመመዝገብ፣ አንድ ቀን ለጽሑፍ ፈተና፣ አንድ ቀን ለቃለ መጠይቅ መሄድ ይኖርበታል። ሦስቱም በሥራ ሰዓት ነው። በባሕር ዳር የሚኖር ሰው በሁለት ሰዓት የሚጨርሰው ጉዳይ ለይፋጉ ሰው ሙሉ ቀን ይፈጅበታል፤ መንገዱ በማይታመንበት ሰሞንማ ማደርም ይመጣል። በመጀመሪያው ካልተሳካለት በሌላ ይሞክራል፤ ቀኖቹም ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ እያሉ ይሄዳሉ።

ወደ ሕጉ ስንመለስ፣ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላም በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሠራተኛው ጠይቆ አሠሪው ከተስማማ ፈቃዱ በሁለት ሊከፈል ይችላል ይላል እንጂ፣ ዛሬ አንድ ቀን፣ ነገ ግማሽ ቀን እየቆነጠሩ መውሰድን መብት አላደረገውም። ለመንግሥት ሠራተኞች በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ዐዋጅ ቁጥር 1064 ከ20 የሥራ ቀናት ተነሥቶ እስከ 30 ያደርስ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራበትን ደንብ ግን እያንዳንዱ ሰው ከመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ጠይቆ ይረዳ፤ ክልሎችም የየራሳቸው ዐዋጅ አላቸውና።

የአሠሪና ሠራተኛው ዐዋጅ ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር፣ ለልዩና ለከባድ ጉዳይ ደግሞ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ይፈቅዳል። የሥራ ቃለ መጠይቅ ግን በስሙ ተጠርቶ አይገኝም። በሌላው ዓለምም ቢሆን ነገሩ ሙሉ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1900 ጀምሮ የሚሠራው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የዓለም የሥራ ድርጅትም በ1982 ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 166፣ ሥራ ለመፈለጊያ የሚሆን ጊዜ እንዲሰጠው የሚሉት የስንብት ማስጠንቀቂያ ለደረሰው ሠራተኛ ነው። በሥራው ላይ ተቀምጦ የተሻለ ለሚመኘው ሰው አልተናገሩም።

እንግዲህ ሕጉ ዝም ባለበት ቦታ ሐሰት ይገባል። አንዱ ሳይታመም ታመምኩ ይላል፤ ሌላው አክስቴ ሞቱ ይላል። ነገር ግን እንደ ይፋግ ባለች ከተማ ለቅሶ የማይሰማበት ቤት የለም። ባልደረቦቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «እግዚአብሔር ያጽናህ» ሊሉት ቤቱ ቢመጡ፣ እሱ በባሕር ዳር በፈታኞች ፊት ተቀምጧል፤ አክስቲቱም በጤና ከደጃቸው ቡና ይለቅማሉ። ከዚያ ቀን በኋላ እውነተኛ ኀዘን ቢደርስበት ማን ያምነዋል? ዝም ብሎ የሚቀረውም ቢሆን ከዚህ አይሻልም። ከላይ የጠቀስነው ዐዋጅ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀናት ያለ በቂ ምክንያት የቀረውን ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይፈቅዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? እኔ እንደሚመስለኝ ሰውን ወደ ሐሰት የሚያደርሰው የቀን ማነስ ብቻ ሳይሆን ለመጠየቅ ማፈር ነው። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን መጠየቅን መልመድ ያሻል።

አስቀድሞ ከጠሪው መሥሪያ ቤት ነው። ብዙ ማስታወቂያዎች በወኪል መመዝገብን ስለሚፈቅዱ፣ በከተማው ያለ ዘመድ ውክልና ይዞ ቢያስመዘግብ አንድ ቀን ተረፈ። ቀጥሎም ስልክ ደውሎ፣ «የምመጣው ከሩቅ ነው፤ ፈተናውና ቃለ መጠይቁ በአንድ ቀን ሊሆንልኝ ይችላል ወይ? ካልሆነ በስልክ ወይም በቪዲዮ ልትጠይቁኝ ትችላላችሁ ወይ?» ማለት ነውር የለበትም። እምቢ ቢሉት የጎደለበት ነገር የለም።

ሁለተኛው ከአለቃው ዘንድ ነው። «ለግል ጉዳይ የአንድ ቀን ፈቃድ እሻለሁ፤ ደመወዙ ቢቆረጥም እስማማለሁ፤ የማስረክበውንም ሥራ ዛሬ ጨርሻለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል። የግል ጉዳይን ዝርዝር አለመናገር ሐሰት አይደለም፤ ያልሞተን ሰው መቅበር ግን ሐሰት ነው። በከተማው ውስጥ የሚኖር ደግሞ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ዓርብ ቀን ከ5:30 እስከ 7:30 የሚዘጉበትን ረጅም የቀትር ዕረፍት ሊጠቀምበት ይችላል።

ሦስተኛው ከራስ ጋር መመካከር ነው። ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር መሮጥ ያለችውን ጥቂት ቀን ይበትናል። ደመወዙን፣ የቤት ኪራዩን፣ የልጆችን ትምህርት ቤት አስልቶ፣ ቢያገኘው በእርግጥ የሚሄድበትን ሥራ ብቻ መምረጥ ይገባል። የቅጥር ደብዳቤም በእጅ ሳይገባ መልቀቂያ ማስገባት አይገባም፤ በአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ስለሚችል፣ አዲሱ መሥሪያ ቤት እንዲታገሠው አስቀድሞ ይንገረው።

አሁን ደግሞ ንግግሬን ወደ እናንተ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ወደምትቀመጡት እመልሳለሁ። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ዛሬ አመልካች ብትሆኑ ነገ የፈተና ኮሚቴ አባል ናችሁ፤ የክፍል ኀላፊም ናችሁ። አሥር ሰው ለጧቱ 2:30 ጠርታችሁ የመጨረሻውን በ11:00 ስታስገቡ፣ ዘጠኝ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሳይኖራቸው እንደ ዋሉ አስቡ። ለእያንዳንዱ ሰዓቱን ለይቶ መጻፍ፣ ፈተናና ቃለ መጠይቅን በአንድ ቀን ማድረግ፣ ከሩቅ የመጣውን አስቀድሞ ማስገባት በጀት አይጠይቅም። አለቃም ቢሆን በጨዋ አንደበት ፈቃድ የጠየቀውን ሠራተኛ «ልትከዳን ነው» ብሎ ቢያሳፍር፣ ያ ሠራተኛ ሥራ መፈለጉን አይተውም፤ የሚተወው እውነቱን መናገር ነው።

ሥራ ለመለወጥ መፈለግ ክሕደት አይደለም። ሲሄዱ በእውነት ከሄዱ፣ የቀድሞው አለቃ ምስክር ይሆናል፤ የቀድሞው ባልደረባም ወዳጅ ሆኖ ይቀራል። ባይሳካም ተመልሶ የሚቀመጡበት ወንበር፣ ቀና ብለው የሚያዩት ሰው አይጠፋም።