ታርጋውን አንብቡ



በሲ.ኤም.ሲ መንገድ ሞተር ሲያልፍ «ሁለት ጎማ ብቻ ነው» ብላችሁ አትናቁት። በሕግ ፊት ሞተር ብስክሌትም እንደ መኪና ተሽከርካሪ ነው። በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ይመዘገባል፤ ታርጋም ይለጠፍበታል። ነጂው መንጃ ፈቃድ፣ ባለቤቱም የሦስተኛ ወገን መድን ሊኖረው ይገባል።

በ2011 ዓ.ም. በሞተር እየመጡ የሚቀሙ ስለበዙ የአዲስ አበባ አስተዳደር ያለ ልዩ ፈቃድ መንዳትን ከለከለ።

እንግዲህ ሞተር ልጃችሁን ገጭቶ ቢሸሽ፣ «ቀይ ሞተር ነው» ማለት አይበቃም። ቀይ ሞተር ብዙ ነው፤ የታርጋው ቁጥር ግን የአንዱ ብቻ ነው። ፊደሉንና ቁጥሩን አንብቡ፤ ሳትረሱት ጻፉት፤ ለትራፊክ ፖሊስ ስጡት።

እስክንገናኝ ድረስ፣ በደጃችሁ የቆመውን ታርጋ ሁሉ እያነበባችሁ ተለማመዱ።