ስብራትና ሩጫ
(በተማሪዎች ማኅበር የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ጸሐፊ ዛሬ ማታ ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ «ስለ ምን ልናገር?» አልሁት። «ስለ እግርህ ተናገር» አለኝ። በመጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳስበው ግን በዚህ ግቢ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «መቼ ነው የምትሮጠው?» ሳይለኝ አያልፍምና፣ ለሁሉም በአንድ ጊዜ መልስ መስጠት ይሻላል ብዬ እሺ አልሁ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የ1500 ሜትር ሯጭ ነበርሁ። ከአሥራ አንድ ወር በፊት ከልምምድ ስመለስ መኪና ገጭቶኝ የቀኝ ቅልጥሜ ከሁለት ቦታ ተሰበረ። ሐኪሞች ብረት አስገብተው አጋጠሙት። ሐኪም ቤት ተኝቶ የከረመ ሰው ካልፈለገም ይማራልና፣ እኔም ስለ አጥንት ጥቂት ተምሬ ወጣሁ።

አጥንት እንደ ደረቅ እንጨት የሚቆጠር አይደለም፤ ሕያው ነገር ነው። በተሰበረ ጊዜ በስብራቱ ዙሪያ በመጀመሪያ ደም ይረጋል። በሚቀጥሉት ሳምንታት በረጋው ደም ቦታ እንደ ጆሯችን ልም አጥንት ያለ ለስላሳ ማያያዣ ይበቅላል። ይህም ቀስ በቀስ እየጠነከረ አጥንት ይሆናል፤ ከዚያም በኋላ ወራትና ዓመታት እየወሰደ ቅርጹን ያስተካክላል። የአዋቂ ሰው ቅልጥም ክፉኛ ሲሰበር እስኪገጥም ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። ጀርመናዊው ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ1892 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ) ባሳተመው መጽሐፍ፣ አጥንት የሚሸከመውን ጭነት እየተከተለ ራሱን እንደሚሠራ አስረድቷል። እንግዲህ የተሰበረ ሰው ሁለት ጠላቶች አሉት ማለት ነው፤ አንዱ ችኮላ፣ ሁለተኛው ፍርሃት። ያለ ጊዜው የረገጠ ዳግመኛ ይሰበራል፤ ጨርሶ ያልረገጠም አጥንቱ ይሳሳል፣ ጡንቻው ይሟሽሻል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። ከአጠገቤ የተኛው ልጅ ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ የገጠር ልጅ ነበር። ክንዱ በቀርከሃ ስንጥር ተጠፍንጎ ታስሮ፣ ጣቶቹ ከጠቆሩ በኋላ ነው ወደ ሐኪም ቤት የመጣው። እጁ ተቆረጠ። ወጌሻን ለመንቀፍ አልቆምሁም፤ ሐኪም በሌለበት አገር ለብዙ ዘመን ሕዝቡን የረዳ ባለሙያ ነው። ነገር ግን እሥር ሲጠብቅ ደም መተላለፊያ ያጣል፤ ደም ያጣ ሥጋም ይሞታል። ለዕረፍት ወደየአገራችሁ ስትሄዱ ለወላጆቻችሁ ይህን ንገሩልኝ፦ ከታሰረ በኋላ ጣት ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ፣ ሕመሙም እየባሰ ከሄደ፣ እሥሩ ወዲያውኑ ይላላ፤ ሰውየውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

አሁን ወደ ሩጫው ልመለስ። ተኝቼ ሳለሁ አንድ ጓደኛዬ ስለ ቤቲ ሮቢንሰን የሚተርክ ጽሑፍ አምጥቶልኝ ነበር። ቤቲ አሜሪካዊት ናት። ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ 100 ሜትር በሮጡበት በ1928 አምስተርዳም ላይ፣ ገና በ16 ዓመቷ፣ በ12.2 ሴኮንድ አሸነፈች። በ1931 ግን የተሳፈረችበት ትንሽ አይሮፕላን ወደቀ። ያገኛት ሰው የሞተች መስሎት ወደ ቀብር አስፈጻሚ ወሰዳት ተብሎ ይነገራል። እግሯና ክንዷ ተሰብረው ነበር። ወራት በተሽከርካሪ ወንበር ከተቀመጠች በኋላ መራመድን እንደ ሕፃን እንደገና ተማረች። የ1932ቱ ኦሊምፒክ በገዛ አገሯ ሲደረግ ሳትሮጥ አለፋት።

ከዳነች በኋላም ጉልበቷ እንደ ድሮው አልታጠፍ አላት። የ100 ሜትር ሯጭ ደግሞ ተንበርክኮ ነው የሚነሣው። ስለዚህ ያ ውድድር ለእርሷ አበቃ። ነገር ግን በዱላ ቅብብል ከመጀመሪያው ሯጭ በቀር ሌሎቹ ቆመው ነው የሚቀበሉት! በ1936 በርሊን ላይ በአራት ጊዜ 100 ሜትር ቅብብል ሦስተኛ ሆና ሮጠች። ሲመሩ የነበሩት ጀርመኖች በመጨረሻው ቅብብል ዱላው ወደቀባቸው፤ የቤቲ ቡድንም የወርቅ ሜዳይ አገኘ።

የእኛም አበበ ቢቂላ አለ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቆይቶ ማራቶንን አሸነፈ። በመጋቢት 1969 መኪናው ተገልብጣ ከደረሰበት ጉዳት በኋላ ግን እግሮቹ አልተመለሱለትም። እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ሲታከም እጆቹ ተሻሉት፤ በ1970ም በዚያው ስፍራ በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1973 እስኪሞት ድረስ ዳግመኛ አልሮጠም። ታዲያ ቤቲ ዳነች፣ አበበ ግን አልዳነም እንበል? እኔ እንዲህ ለማለት አልደፍርም። ሁለቱም በቀራቸው ነገር የሚቆሙበት ቦታ አገኙ። ቦታውን ግን ብቻቸውን አልፈጠሩትም። አንዷን በቡድኑ ያስገባት ሰው ነበረ፤ ለሌላው ውድድሩን ያዘጋጀ ሰው ነበረ።

ይህን የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ በክራንች ወደ ሦስተኛው ፎቅ ስወጣ፣ ጓደኞቼ መጽሐፌን ይሸከሙልኝ ነበር፤ አመሰግናቸዋለሁ። እኔ ዛሬ ክራንቹን ጥያለሁ። በዚህ ግቢ ግን መቼም የማይጥሉት ተማሪዎች አሉ። እነርሱን ማንም «መቼ ነው የምትድኑት?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ መጠየቅ ያለበት «ትምህርቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ ነው?» ተብሎ ነው። የተከበራችሁ መምህራን፣ እነዚህ ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ምድር ቤት እንዲሆን ብታደርጉ ወጪው የአንድ ወረቀት ማስታወቂያ ብቻ ነው። ማኅበራችንም ይህን ጉዳይ ይዞ አስተዳደሩን እንዲጠይቅ አሳስባለሁ።

ለጥያቄያችሁም መልሴ ይኸው። በሳምንት ሦስት ቀን ማለዳ ሜዳውን በሶምሶማ እዞራለሁ። እንደ ድሮዬ 1500 ሜትር መሮጤን አላውቅም። ካልሆነ ግን ሰዓት መያዝም ሥራ ነውና፣ አዲስ ሯጮች ኑ፤ በሜዳው ዳር ታገኙኛላችሁ።