የመርከብ አለቃ በማዕበል ጊዜ የሚቈርጠው ምክር



በሐዋርያት ሥራ በ27ኛው ምዕራፍ ያለው የመርከብ ጕዞ ሲነበብ ብዙ ሰው የሚያስበው ማዕበሉን ነው፤ ነገሩ የተበላሸው ግን ማዕበሉ ሳይነሣ፥ መልካም ወደብ በተባለው ስፍራ በምክር ላይ ነበረ። እስረኛው ጳውሎስ ጾሙ አልፎ ክረምት ቀርቧልና መጓዝ አይበጅም ቢል፥ የመቶ አለቃው የመርከቡን መሪና የባለመርከቡን ቃል መረጠ። በዚህም እጅግ አይነቀፍም፤ ባሕርን የሚያውቅ መርከበኛ እንጂ ድንኳን ሰፊ አይደለምና። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜም ያሰቡት የተፈጸመ መሰላቸው። አውራቂስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በ2008 ዓመተ ምሕረት መስከረም 18 ቀን ማታ ኤል ፋሮ የምትባል የአሜሪካ የጭነት መርከብ፥ ርዝመቷ 240 ሜትር ያህል የሆነ፥ 33 ነፍስ ይዛ ከጃክሰንቪል ወደ ፖርቶ ሪኮ ተነሣች። በባሃማ ደሴቶች አጠገብ ዮአኪን የተባለው ዐውሎ ነፋስ ይበረታ ነበር። አለቃው ብዙ ዘመን በባሕር የኖረ ሰው ነውና፥ መንገዱን ጥቂት ወደ ደቡብ አዘንብሎ ከዐውሎው በታች ለማለፍ ቈረጠ። ዐውሎው ግን ጠቢባን ከተነበዩት ይልቅ ወደ ደቡብ ወረደ፤ አለቃው አብዝቶ የሚመለከተው የአየር ወሬም በእጁ ሲደርስ ብዙ ሰዓት ያለፈበት ነበረ።

በሁለተኛው ሌሊት አለቃው በክፍሉ ሳለ፥ በአምስት ሰዓት አንዱ መኰንን፥ ከሰባት ሰዓት በኋላም ሌላይቱ መኰንን በስልክ የነፋሱን ብርታት ነገሩት፤ እርስዋም በደሴቶቹ መካከል ወደ ደቡብ የሚያወርድ ሌላ መንገድ አሳየችው። እርሱ ግን በያዙት መንገድ እንዲሄዱ አዘዘ። ሊነጋ ሲል መርከቢቱ ወደ ጎን አዘነበለች፤ ሳይዘጋ በቀረ መግቢያም ውሃ ወደ ጭነቱ ቤት ገባ። ከማዘንበሏ የተነሣ ዘይቱ ወደ መሳቢያው መድረስ ተሳነውና ሞተሩ ቆመ። ሞተር የሌላት መርከብ ፊቷን ወደ ማዕበሉ ማዞር አትችልም፤ መስከረም 20 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሰጠመች፥ ከ33ቱም አንድ ስንኳ አልተረፈም።

በነሐሴ ወር የመኰንኖቹን ንግግር የቀዳው መሣሪያ ከ4,600 ሜትር ከሚያልፍ ጥልቀት ወጣ፤ የዚያች ሌሊት ቃል የታወቀው በዚህ ነው። መርማሪዎቹ ዋናውን ጥፋት በአለቃው ውሳኔ ላይ አደረጉ፤ የመኰንኖቹን ምክር በሚገባ አለማድመጡንም ጨምረው ጻፉ።

በጳውሎስ መርከብ ግን የመቶ አለቃው ሁለተኛ ጊዜ ሲነገረው ሰማ። መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በታንኳ ሊሸሹ ባሰቡ ጊዜ፥ ወታደሮቹ በእስረኛው ቃል የታንኳይቱን ገመድ ቈረጡ። መርከቢቱ ተሰባበረች፤ 276ቱም ነፍስ በመላጥያ ምድር በደኅና ወጡ።